ሞገዱ ሲገጥም

ሰው ቤቱን እንዲህ አድርጎ የሚያስጌጠው ሊኖርበት ነው ወይስ ጥሎት ሊሄድ?

አያት ይህን ጥያቄ ለማንም አውጥተው አያውቁም፤ ከሆዳቸው ግን አይጠፋም። ጠዋት ሻይ ሲጥዱ ይመጣል። ልብስ ሲያጥፉ ይመጣል። ከሰዓት በኋላ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን እጆች ሲመለከቱማ፣ ጭራሽ አጠገባቸው ወንበር ስቦ ይቀመጣል። መልሱን ከየት ያምጡት?

ልጅቱን ሰፈሩ ሁሉ «ንቢት» ነው የሚላት። የስፌት መኪናዋ ቀኑን ሙሉ እዝዝዝ ሲል ስለሚውል ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ስትሞትባት አያት አሳደጓት፤ ዛሬ ደግሞ በተራዋ ለሰው መጋረጃና የአልጋ ልብስ እየሰፋች አያትን ታኖራለች። ለገዛ ቤቷ ግን አንድ ክንድ ጨርቅ ቆርጣ አታውቅም ነበር። ዘንድሮ ምን እንደነካት እንጃ።

በትራስ ልብስ ጀመረች። ጫፉን ቀጥ አድርጋ መቀምቀም ትታ ግማሽ ክብ፣ ግማሽ ክብ እያደረገች፣ ዳር እንደሚመታ ውሃ አወዛወዘችው። «ሞገድ» ትለዋለች። ከትራሱ ወደ ጠረጴዛው ልብስ፣ ከጠረጴዛው ወደ መብራቱ ቆብ ተሻገረች። የመደርደሪያዎቹን ከንፈር በሞገድ ወረቀት አለበሰች። አንድ ቀን አያት ከጤና ጣቢያ ሲመለሱ የግድግዳው የላይኛው ክፍል ፈዛዛ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቃቸው፤ አረንጓዴው ከነጩ ጋር የሚገናኝበት መሥመርም ሞገድ ሆኗል።

«መሰላል ላይ ብቻሽን ወጣሽ?» አሉ መጀመሪያ። «ብትወድቂስ? ማን ያነሣሻል?» ግድግዳውን ያዩት ከዚያ በኋላ ነው። ማማሩ አስደነገጣቸው።

ምድር ቤቱ ውስጥ ሳሎን ያላት ፀጉር ሠሪም መጥታ አየችው። እሷ በር ማንኳኳት የሚባል ነገር አልፈጠረባትም።

«እንዴ! እማማ፣ ቤታችሁ ኬክ መሰለ እኮ! ማን ነው የሚቆርሰው?»

«አንቺ ደግሞ ዝም በይ።»

«አይ፣ እውነቴን ነው። ንቢት፣ ለማን ብለሽ ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለእኛ ነዋ፤ ለማን ይሆናል?»

«እኛ ስትይ ሁለት ሰው ነው ሦስት? ሳህን ይዤ ልምጣ እንደሆነ ብዬ ነው።»

 ንቢት መቀሱ እጇ ላይ እያለ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። አያት ይህችን ነገር አዩ። 

ሦስተኛው ሰው ማን እንደሆነ ያውቁታላ።

* * *

አናጢው ወደዚህ ቤት የገባው በነፋስ ሰበብ ነው። የመስኮቱ መዝጊያ አብጦ አልገጥም ብሎ፣ አያት «ይሄ ነፋስ ጎኔን ሊጥለኝ ነው» እያሉ ልጅቱን እረፍት ሲነሷት፣ ከመንገዱ ጫፍ ካለው የእንጨት ሥራ ቤት ሄዳ ጠራችው። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ እርሳስ ከጆሮው ላይ የማይለይ ልጅ ነው። መዝጊያውን ነቅሎ በመላጊያ ሲልገው፣ አያት የእንጨቱ ፍቅፋቂ ዓይኑ ውስጥ እንዳይገባ ሲጨነቁ፣ ንቢት ስትጠርግ፣ ሥራው አለቀ። ዕቃውን ሲሰበስብ ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ቀረ።

«ይሄ... ሳይስተካከል ቀርቶ ነው ወይስ እንዲህ ነው?»

«እንዲህ ነው።»

«ሆን ተብሎ?»

«ሆን ተብሎ።»

«በውሃ ልክ ስንሠራ የኖርን ሰዎች ምን ይዋጠን ታዲያ?»

ንቢት ሳቀች። አያት ከማጀት ሆነው ሰሙት። ልጅቱ ለፀጉር ሠሪዋ ቀልድ የምትስቀው ሳቅ አልነበረም፤ ሌላ ነው፣ ከታች የመጣ ነው።

«ቀጥ ያለው አይቀልም ግን?» አለ አናጢው።

«ይቀላል። ግን ቀጥ ያለ ጫፍ በቃ ብሎ ነው የሚያልቀው። ይሄ ደግሞ አንዴ ልመለስ፣ አንዴ ልመለስ እያለ ነው የሚያልቀው። መሄድ እንደማይፈልግ እንግዳ።»

አናጢው ወረቀቱን ሲያይ ቆየ። ከዚያ እሷን አየ። ከዚያ እርሳሱ ጆሮው ላይ እያለ ኪሱ ውስጥ እርሳሱን ፈለገ።

መስኮቱ ተዘጋ፤ እሱ ግን መምጣቱን አላቆመም። አንድ ቀን የዱካው እግር፣ ሌላ ቀን የቁም ሳጥኑ ማጠፊያ። ፀጉር ሠሪዋ ደረጃው ላይ ስታገኘው «ይሄ ቤት ሲሰበር ነው እንዴ የሚውለው?» ትለዋለች፤ እሱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። አያት ሻይ ያቀርባሉ። ልጁን ይጠሉታል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ትኩስ ብርጭቆ በባዶ እጁ ሲይዝ «ቀስ በል፣ ያቃጥልሃል» ይሉታል። የሚፈሩት እሱን አይደለም። ከእሱ ኋላ ያለውን በር ነው።

ንቢት ሥራዋን ታሳየዋለች። ሞገድ የሚነሣው ከአንዲት የሻይ ማስቀመጫ ሳህን ነው። ጠርዟ ሰማያዊ፣ አንድ ጎኗ የተሸረፈ፣ ከእናቷ ዕቃ የተረፈች ብቸኛዋ ሳህን። ልጅ ሆና በከሰል ክብ ትሥልባት ነበር፤ ዛሬ ጨርቅ ላይ ትደፋትና በሳሙና ስባሪ ግማሽ ዙሯን ታሰምራለች፣ ታንሸራትታለች፣ እንደገና ታሰምራለች።

«እዚህ ጋ፣ ሁለቱ ክብ የሚገናኙበት ጥግ አለ አይደል?» ትለዋለች። «ከመገልበጥሽ በፊት እዚች ጋ በመቀስ መንካት አለብሽ። ካልነካሽው ይኮማተራል። ካለፍሽ ደግሞ ስፌቱ ይተረተራል።»

«አንቺ እያልሽ ነው የምታስተምሪኝ?»

«ይቅርታ፤ ለራሴ ነበር የማወራው።»

«ስንት ዓመት ብትቆርጪ ነው እጅሽ የማይፈራው?»

«ማን አይፈራም አለህ?»

ከዚያ ሁለቱም ወደ ጨርቁ ያጎነብሳሉ። አያትም ከማጀቱ መጋረጃ ማዶ ጆሯቸውን ያቀናሉ። የዚያ ቤት ዝምታ እንደዚያ ሰሞን ሞልቶ አያውቅም።

* * *

ወሬውን አያት የሰሙት ከልጁ አፍ ነው፤ ለእሳቸው የተነገረ ግን አይደለም። ጋደም ብለው ነበር፤ እንቅልፍ ወስዷቸዋል ተብሎ ታስቧል።

«የሥራ ቤቱ ሰው በሙሉ ሊሄድ ነው» አለ አናጢው። «ሩቅ ከተማ ትልቅ ሆቴል እየተሠራ ነው፤ በሩም ቁም ሳጥኑም ለእኛ ደርሶናል። ለረጅም ጊዜ ነው።»

 የንቢት የስፌት መኪና ቆመች።

«ብቻዬን መሄድ አልፈልግም። እማማንም ቢሆን ጥለን አይደለም። ደረጃ የሌለው ቤት አይቻለሁ፤ መስኮቱ ወደ ፀሐይ ነው።»

አያት ዓይናቸውን አልገለጡም። እማማንም ቢሆን። ከሻንጣና ከስፌት መኪና ጋር የሚጫን ዕቃ ሆኑ ማለት ነው። ለአዲስ ጎጆ አሮጊት ጥግ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ፤ ሲያስሉ ሰው ይነቃል፣ ሲያዝኑ ሰው ይሳቀቃል። ቀርተው ደግሞ? በዚህ ሁሉ ሞገድ መሃል ብቻቸውን?

«እሺ ማለትሽ ነው እምቢ?» አለ ልጁ።

«ያን ቃል የገባህልኝን ጣውላ መቼ ነው የምትሰቅለው?»

ጣውላው ከመጋረጃው አናት ላይ የሚውል፣ ዘንጉን የሚሸፍን ነው። የእንጨቱ ጫፍ ሞገድ ሆኖ፣ ከሥሩ የጨርቁ ሞገድ ብቅ ሊል፣ ክብ በክብ ላይ ሊያርፍ ነው ሐሳቡ።

«ከመሄዳችን በፊት።»

«እንግዲያው መልሱን ያን ቀን እነግርሃለሁ። ሞገዱ ሲገጥም።»

«ካልገጠመስ?»

«ካልገጠመማ ጠርዝ ማስተካከል ካቃተው ሰው ጋር ምን ኑሮ አለ?»

ሳቁ። ቀልድ ነበር። እሺታዋ ከድምፅዋ ላይ ይንጠባጠብ ነበር፤ አያት ጋደም እንዳሉ ሰሙት።

በማግስቱ ንቢት የሰፋችውን መጋረጃ ልታደርስ እንደወጣች አናጢው መጣ። ቆብ በእጁ ነው።

«እማማ፣ ያችን የተሸረፈችውን ሳህን ቢያውሱኝ። ጣውላውን ልቆርጥባት ነው። እንደ ዓይኔ ነው የምጠብቃት።»

አያት ወደ ዕቃ ማስቀመጫው ሄዱ። ሰማያዊዋን አነሡ። ቀላል ናት፤ የሞተች ልጃቸውን ትመስላቸዋለች፣ የዚያች ልጅ ጣት ስንት ጊዜ ዞሯታል። ከዚህ በር ወጥታ አታውቅም። ብትሰበርስ? ብትጠፋስ? ሌላም ነገር ነበር፣ ያን ግን አላሰቡትም፤ እጃቸው ብቻ አሰበው። ሰማያዊዋን መለሱና ከሥሯ ያለችውን ነጭ ሳህን አወጡ። ኋላ ከሱቅ የተገዛች፣ ለማሟያ።

«ያቺ የእናቷ ናት፤ ከቤት አትወጣም» አሉት በጋዜጣ እየጠቀለሉ። «ይቺ እህቷ ናት። አንድ ናቸው።»

«አንድ ናቸው?»

«ክብ ክብ ነው ልጄ።»

ልጁ አመነ። አያቱን የሚያክሉ ሴትዮ ካሉት ምን ይጠራጠራል። ሲወርድ «ደረጃው ያዳልጣል!» ብለው ጮኹለት፤ የጮኹት ግን ለራሳቸው ይመስል ነበር። ሁለቱን ሳህኖች በየቀኑ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው። ሰማያዊዋ ነጯ ውስጥ ዘወትር ሰተት ብላ እንደምትቀመጥ እጃቸው ያውቃል።

* * *

ጣውላው የሚሰቀል ቀን ፀጉር ሠሪዋ ደንበኛዋን ከነማበጠሪያው ትታ ወጣች። «እኔ ሳላይ በዚህ ቤት ምንም አይሰቀልም።»

ንቢት ጠዋቱን ሙሉ መጋረጃውን ስትተኩስ ቆይታለች። የለበሰችው ቀሚስ አንገቱ ሞገድ ነው፤ ማንም ስለ ቀሚሱ አልተናገረም፣ ሁሉም ግን አይቷል። አናጢው ጣውላውን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ነጭ ቀብቶታል፤ በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ አሽቶ ቅቤ አስመስሎታል። በጋዜጣ የተጠቀለለችውን ሳህን ለአያት መለሰና መሰላሉ ላይ ወጣ።

«እማማ፣ መሰላሉን አይያዙት፤ አልወድቅም።»

«ልያዘው።»

የመጀመሪያው ሞገድ ገጠመ። የእንጨቱ ግማሽ ክብ ከላይ፣ የጨርቁ ከሥሩ፣ እንደ ዓይንና ቆብ። ንቢት እጆቿን አጣመረች። ሁለተኛው ትንሽ ሸሸት አለ። ሦስተኛው ይበልጥ ሸሸ። መስኮቱ መሃል ላይ ሲደርስ የእንጨቱ ሆድ የጨርቁ ጥግ ላይ ወድቆ፣ የጨርቁ ሆድ በእንጨቱ ጥግ በኩል አጮልቆ፣ እንደተኮራረፉ ሰዎች ጀርባና ጀርባ ሆኑ።



«እንግዲህ... ከሩቅ አይታይም» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ከሳህኗ ላይ ነው የቆረጥከው?» አለች ንቢት።

አናጢው መሰላሉ ላይ ሆኖ ወደ ታች ተመለከተ። የተመለከተው ንቢትን አልነበረም። አያትን ነው፣ መሰላሉን የያዙትን። ቁጣ አልነበረበትም ዓይኑ፤ አሁን የገባው ሰው ዓይን ነው። አያት «አሁን ይናገራል» አሉ በልባቸው። ይናገር። ተናግሮ ያሳርፈኝ። እሳቸው ራሳቸው አፋቸውን ሊከፍቱ ፈለጉ፤ አልተከፈተም።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለ ልጁ። «መለካት ነበረብኝ። አልለካሁም።»

«አልለካህም?»

«አልለካሁም።»

«እኔ እዚህ በፀጉር ልክ ስጨነቅ አንተ በግምት ቆረጥከው?» ድምፅዋ ተሰበረ። ቀልድ የነበረው ነገር ቀልድነቱ ቀረ። «አንዲት ነገር ናት የጠየቅኩህ። አንዲት። ልብህ እዚህ ቢሆን...»

«እዚህ ነው።»

«ሌላ የምትለው አለህ?»

አናጢው አንዴ እንደገና አያትን አየ፤ ወዲያው ዓይኑን አነሣላቸው።

«የለኝም።»

ጣውላውን አወረደ፣ በብርድ ልብሱ ጠቀለለ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆም አለ። «እማማ፣ ዝናብ ሲበረታ መስኮቱ እንደገና ሊያብጥ ይችላል። ያን ጊዜ አናቱን ብቻ ትንሽ ያስልጉት፤ ሥሩን አያስነኩት።»

ቢሰድባቸው ይሻላቸው ነበር።

* * *

በነጋታው የስፌት መኪናዋ እዝዝ አላለችም። የሚሰማው መቀስ ነበር።

አያት ከማጀት ብቅ ሲሉ ንቢት ወለሉ ላይ ተቀምጣ የትራሱን ልብስ ጭኗ ላይ ዘርግታለች። ሞገዱን ከሥሩ እየቆረጠች ነው። የጠረጴዛው ልብስ አልቋል፤ ጫፉ ቀጥ ብሏል። ግማሽ ክቦቹ በዙሪያዋ እንደ ረገፈ ቅጠል ተበትነዋል።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያስተካከልኩ።»

«ምን ሆነና ነው የሚስተካከለው?»

«ቀጥ ያለው ይቀላል፣ እማዬ።»

አያት በሩ ላይ ቆሙ። እነሆ፣ ጥያቄያቸው መልስ አገኘ። ልጅቱ አትሄድም። እዚሁ ናት፤ ጠዋት ሻይ፣ ማታ ኩራዝ የመሰለች ትንሽ መብራት፣ የመኪናዋ ድምፅ፣ ሁሉም እዚሁ ነው። የፈለጉት ይህን አልነበር? ታዲያ ቤቱ ለምን ቀፈፋቸው? መብራቱ ቆብ ላይ ደርሳ፣ መደርደሪያው ላይ ደርሳ፣ ግድግዳውንም ነጭ ቀብታ ስትጨርስ ታየቻቸው። ቀጥ ብላ ተቀምጣ። በቃ ብላ።

ፀጉር ሠሪዋ ገባች፤ ዛሬ ድምፅዋን ቀንሳለች። አያትን በክንዳቸው ወደ ማጀት ሳበቻቸው።

«የአናጢዎቹ መኪና እየተጫነ ነው። ከሰዓት በፊት ይወጣሉ አሉ።»

«እና?»

«እናማ ያ ልጅ ያን ጣውላ አልጣለውም። ሌላው እንጨቱን ሲወረውር እሱ ብርድ ልብሱን ከነጣውላው ሻንጣው አጠገብ አስደግፎታል። የማይሆን ጣውላ ምን ያደርግለታል እማማ? እኔ ብሆን እማግደዋለሁ።» ንቢት ወዳለችበት ክፍል አየት አደረገች። «ልጅቷ እህል ቀምሳለች?»

«አልቀመሰችም።»

«እርስዎስ?»

 ፀጉር ሠሪዋ ከወረደች በኋላ አያት ዕቃ ማስቀመጫውን ከፈቱ። ሁለቱንም ሳህኖች አወጡ። እንዳይሰብሯቸው ደረታቸው ላይ አስደግፈው ነው ያመጧቸው። ወለሉ ላይ፣ ቁርጥራጮቹ መሃል ተቀመጡ።

«እማዬ፣ ወለሉ ይበርዳል...»

«ዝም በይና እዪ።»

ነጯን ሳህን አስቀመጡ። ሰማያዊዋን ላይዋ ላይ አኖሩ። ሰማያዊዋ ሰተት ብላ ገባች፤ ዙሪያዋን ቀጭን ነጭ ክብ ከበባት።

ንቢት መቀሱን አስቀመጠች።

«እሱ ያችን ነው የጠየቀኝ» አሉ አያት። «የሰጠሁት ይችን ነው። እህቷ ናት፣ አንድ ናቸው አልኩት።»

«እሱ ያውቃል?»

«ቆርጦ ሲያመጣ አያውቅም ነበር። መሰላሉ ላይ ሆኖ አወቀ። አየኝ። እኔም አየሁት።»

«እና ዝም አልሽ።»

«ዝም አልኩ።»

«ለምን?»

አያት ብዙ መልስ አዘጋጅተው ነበር። እንዳትሰበር፣ እንዳትጠፋ፣ የእናትሽ ስለሆነች። ሁሉም እውነት ነው። አንዱም ግን ከአፋቸው አልወጣም።

«እንዳትሄጂብኝ።»

ንቢት ጣቷን በነጩ ክብ ላይ አዞረች። ከላይ ጀምራ፣ ሽራፊው ጋ ደርሳ፣ አልፋ፣ እስክትመለስ። አያት ፊቷን ሊያነብቡ ሞከሩ፤ አልተነበበላቸውም። ይህን ፊት ከሕፃንነቱ ጀምሮ አጥበውታል፣ ዛሬ ግን የሰው ፊት ሆነባቸው።

ልጅቱ ተነሣች። ሰማያዊዋን ሳህን አነሣች። መቀስ ያልደረሰበት አንድ የትራስ ልብስ ቀርቶ ነበር፣ የመጀመሪያው፣ የአያት የራሳቸው ትራስ፤ ከትራሱ ላይ ገፍፋ ሳህኗን ጠቀለለችበት። ጫማዋን አደረገች።

የአያት አፍ በቃላት ሞላ። ሹራብ ልበሺ። ደረጃው ያዳልጣል። መኪና መንገድ ስትሻገሪ ግራ ቀኝ እዪ። እንዳትሰብሪያት። ትመለሻለሽ? አንድ በአንድ ዋጧቸው፤ እንደ መድኃኒት ሁሉም መረራቸው።

ንቢት በሩ ጋ ደርሳ ተመለሰች። አያትን ብብታቸው ሥር ይዛ ከወለሉ አነሣቻቸውና ወንበራቸው ላይ አስቀመጠቻቸው። መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር፤ ነፋሱ በጎናቸው በኩል ይገባል። ሄዳ ገፋችው። ሳያንገራግር ገጠመ።

ከዚያ ሳህኗን በደረቷ አቅፋ ወደ እንጨት ሥራ ቤቱ ወጣች።